አዲሱን ዘፈን ባሕር ማዶ ወስደው ሞከሩት!

ልጠይቃችሁማ! ኮንሰርት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ዘፋኙ በቆዩት ዘፈኖቹ ሲያስጨፍር ያመሽና፣ ድንገት ሙዚቃው ረገብ ሲል ማይኩን ጠጋ ብሎ «አሁን ደግሞ ገና ያልወጣውን አዲሱን ሥራዬን…» ይላል። ይሄኔ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ልብ ብላችኋል? ግማሹ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ግማሹ ወደ ቢራው ይነጉዳል። የቀረው እጁን አጣጥፎ «እስቲ እናየዋለን» ብሎ እንደ ፈታኝ ይቆማል። ከኋላ በኩል ደግሞ አንዱ ሞቅ ያለው «የምናውቀውን!» ብሎ ይጮኻል። ዘፋኙም እንደምንም ፈገግ ብሎ ወደምናውቀው ይመለሳል። አዲሱ ዘፈን ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው።

ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ፈረንጅም ያው ነው። አንዳንዶቹ ግን መላ አበጅተውለታል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዱ መላ ነው። በአገራቸው 70 ሺህ ሰው የሚሰበስቡ አራት አሜሪካውያን፣ ገና ያልጠኑ ዘፈኖቻቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ። ከዚያም የድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተጫወቷቸው። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1997 መሆኑ ነው። እኔ ያን ጊዜ አምስተርዳም ነበርኩ። አንድ ጓደኛዬም አብሮኝ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ የእሱ ነገር ግን ከባንዱም ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅም ይመስለኛል።

«ኮፊ ሾፕ» ቢባል ቡና እንዳይመስላችሁ!

መጀመሪያ ከተማዋን ላሳያችሁ። አምስተርዳም የተቆረቆረችው ረግረግ ላይ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች የቆሙት መሬት ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ወደ ፊት፣ አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘመም ብሎ ታዩታላችሁ። ሲመሽ ከጠጅ ቤት ተደጋግፈው የሚወጡ ጓደኛሞችን ነው የሚመስሉት። ቁመት እንጂ ስፋት የላቸውም። ደረጃቸው ከመጥበቡ የተነሣ አልጋና ቁም ሣጥን በበር አይገባም፤ ጣሪያው ሥር በተሰካ መንጠቆ በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ነው የሚገባው። ከቤቶቹ ፊት የውሃ ቦይ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦይ… እንዲህ እያሉ አሮጌውን ከተማ በግማሽ ክብ ያቅፉታል። የሳይክሉ ብዛት ደግሞ አይነገርም! በሳይክል መንገድ ላይ ቆማችሁ ከተማ ልትመለከቱ ከሞከራችሁ ወዮላችሁ። ደወሉ ሲያቃጭል ዘላችሁ ካላመለጣችሁ፣ የሚከተለውን ስድብ ቋንቋውን ባትችሉም ትረዱታላችሁ።

በእነሱ በጋ ፀሐይዋ ቶሎ አትጠልቅም። በእኛ ሰኔ ማለቂያ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ገና ብርሃን አለው። አዲስ አበባ በሰኔ ዝናብ በጊዜ ቤቷ ስትከተት፣ እዚያ ሰው ገና ወደ ውጭ ይወጣል።

ከተማው የሚወጣው ደግሞ ላይድሰፕላይን ወደሚባለው አደባባይ ነው። ቲያትር ቤት አለ፣ ቢራ ቤት በቢራ ቤት ነው፣ መንገድ ላይ ኳስ በራሱ እያነጠረ ሳንቲም የሚሰበስብ አይጠፋም። እዚያው አደባባይ ላይ ድሮ ፖሊስ ጣቢያ የነበረ ሕንፃ አለ። ዛሬ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮፊ ሾፕ! እንግዲህ የቡና አገር ልጅ ነኝ ብሎ ዘው የሚል ሐበሻ ካለ የሚቀበለው የቡና ሽታ አይደለም። ኮፊ ሾፕ ማለት በዚያ አገር ጋንጃ በግልጽ የሚሸጥበትና የሚጨስበት ቤት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ወደዚያ መቀየሩን ስታስቡት አያስቅም? ቡና ያማራችሁ እንደሆነ «ካፌ» የሚል ፈልጉ። አደራ፣ በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉ!

ከዚህ አደባባይ ተነሥታችሁ ቦዩን ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ስትራመዱ በስተቀኝም በስተግራም ከሚታየው ሁሉ የተለየ የጡብ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ፓራዲሶ ይባላል። ትርጉሙ «ገነት» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ የክርስቲያን ጉባኤ ለጸሎት ያሠራው ቤት ነው። በ1968 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) የወጣቶች የሙዚቃ ቤት ሆነ። ቤቱን ያልረገጠ ታዋቂ ባንድ ጥቂት ነው። ውስጡ ግን ሰፊ አይደለም፤ ቢጨናነቅ 1,500 ሰው ይይዛል። ከላይ ሁለት ፎቅ ሰገነት አለው፤ ከመድረኩ ጀርባ ባለቀለም መስታወት የተገጠመላቸው የቤተ ክርስቲያን መስኮቶች አሉ። በዚያ ዘመን ትኬት ብቻውን አያስገባም ነበር፤ በር ላይ የአባልነት ካርድም ይገዛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኛ ሰው ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ጫማ አውልቀን፣ ነጠላ አጣፍተን የምንገባበት ዓይነት ቤት ውስጥ ቢራ በፕላስቲክ ብርጭቆ ሲዞር ማየት! ጓደኛዬ ደጃፉን ሲያልፍ እጁ በልማድ ወደ ግንባሩ ሄዶ አማተበ። ከኋላችን የቆመች ፈረንጅ አይታው ፈገግ አለች።

ሰዎቹ እነማን ናቸው?

ባንዱ ፊሽ ይባላል። በእንግሊዝኛ «ዓሣ» ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ግን ይለያል። በ1983 ቨርሞንት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነው የጀመሩት ነው። ትሬይ አናስታሲዮ የሚባለው ቀይ ጢሙ ጊታር ይመታል፣ ያዜማልም። ሌሎቹ ሦስቱ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም ይዘዋል። ድራም መቺው የሚለብሰው የሴት ቀሚስ ነው። ቀልድ አይደለም! አንዳንዴም ከድራሙ ተነሥቶ የምንጣፍ አቧራ መሳቢያ ማሽን አፉ ላይ ደግኖ «ሶሎ» ይጫወታል። አራዶች ናቸው አይደል?

እንዲህ ዓይነቱን ባንድ እነሱ «ጃም ባንድ» ይሉታል። ምን ማለት ነው ካላችሁ፣ አዝማሪ ቤትን አስቡ። አዝማሪው ቅኝቱን ይይዛል፣ ዜማውም የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ዛሬ ማታ ምን እንደሚል እሱም አያውቅም። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱ ተቀብሎ ያዞረዋል፣ ማሲንቆዋ ትከተለዋለች። ትናንት የሰማችሁት ዛሬ አይደገምም። ጃም ባንድም እንደዚያው ነው፤ የሚለየው «ተቀበል»ን የሚባባሉት አራቱ እርስ በርሳቸው፣ ያውም ያለ ቃል፣ በመሣሪያ መሆኑ ነው። ጊታሩ አንድ ነገር ይጥላል፣ ኪቦርዱ ያነሣዋል፣ ቤዙ ወደ ሌላ መንገድ ይጎትተዋል። በካሴት አምስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን መድረክ ላይ ሃያ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል።

የሚገርመው ሌላው ነገር አድማጩ ቴፕ ይዞ ገብቶ እንዲቀዳ ይፈቅዱለታል። ሽያጭ ክልክል ነው፣ መለዋወጥ ግን ይቻላል። የእኛ ዘፋኞች «ካሴቴን እየገለበጡ አደኸዩኝ» ብለው ሲያለቅሱ ኖረዋል፤ እውነታቸውንም ነው። እነዚህኞቹ ግን ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ቁጥር ኮንሰርቱ ሞላላቸው። በነሐሴ 1996፣ ፕላትስበርግ በሚባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ፣ የድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ 70 ሺህ ያህል ሰው ሰበሰቡ። ያውም በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ጎልቶ የሚሰማ ዘፈን ሳይኖራቸው!

ታዲያ ለምን ወጡ?

70 ሺህ ሰው እየመጣላችሁ 1,500 ሰው ወደሚይዝ ቤት ምን ያስኬዳችኋል? እኔም ያንን ነው የጠየቅሁት። የመለሰልኝ ጓደኛዬ በሚያጸዳበት ሆቴል ያረፈ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ሻንጣው በልብስ ፈንታ በካሴት የተሞላ ልጅ ነው። ባንዱን ተከትሎ ከአገር አገር ይዞራል። ሁለት ትኬት ተርፎት ኖሮ፣ በገዛበት ዋጋ ሸጠልን።

ልጁ እንደነገረን፣ ባንዱ ወደ አውሮፓ የመጣው አዳዲስ ዘፈኖች ተሸክሞ ነው። ጊታሪስቱ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር የጻፋቸው ናቸው። መጀመሪያ የተሰሙት ሰኔ 6 እና 7 (በፈረንጆቹ ጁን 13 እና 14) በአየርላንዷ ደብሊን፣ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ነው። አሜሪካ ገና አልሰማቸውም። «ጎስት» የሚባለው፣ ትርጉሙ «መናፍስት» ብጤ፣ እዚያ ተወለደ። «ሊምብ ባይ ሊምብ» እዚያ ተወለደ። «ፓይፐር»ም እንደዚያው። አምስተርዳም ሲደርሱ ዘፈኖቹ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። በእኛ ቋንቋ ክርስትና ያልተነሡ ሕፃናት በሏቸው!

ነገሩን ሳስበው መላው ይገባኛል። 70 ሺህ ሰው ፊት አዲስ ነገር ስታቀርብ 70 ሺህ ሰው የሚጠብቀው የለመደውን ነው። ሕፃኑን በጥምቀት ሰሞን ጃንሜዳ መሐል ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ይረገጣል። በሰው አገር፣ በትንሽ ቤት ግን ሁለት ዓይነት ሰው ታገኛለህ። አንደኛው እንደዚያ ልጅ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ምንም ብትጫወት የሚሰማህ ወዳጅ ነው። ሁለተኛው ስምህን ከነመኖሩ የማያውቅ የከተማው ሰው ነው። ለዚህኛው አሮጌውም ዘፈንህ አዲስ ነው፤ «የምናውቀውን» ሊልህ አይችልም፤ የሚያውቀው የለማ!

ገነት ውስጥ

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰኔ 24 ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 1። ባንዱ በዚያው ዓመት በየካቲትም እዚሁ ቤት ተጫውቷል። አሁን ደግሞ ሁለት ምሽት በተከታታይ ይዟል።

እኛ የመጀመሪያው ሰገነት ላይ ቆምን። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ የሰዎቹ ጣቶች ሳይቀር ይታያሉ። መድረኩ ከፍ ያለ አይደለም። ከፊት ያለው ሰው እጁን ቢዘረጋ ጊታሪስቱን የሚነካ ይመስላል። ከኋላቸው ባለቀለም መስኮቶቹ፣ የውጪው ብርሃን ገና ስላልጠፋ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ከአጠገባችን አንዱ ረጅም ዘንግ ላይ ማይክራፎን ሰክቶ ይቀዳል። ሳል እንኳን ብታፍኑ ይሻላል፣ ካሴቱ ላይ ትቀራላችሁ!

«ጎስት» ሲጀመር ለእኔ ጆሮ ምንም አልመሰለኝም። ቤዙ ረገጥ ረገጥ ይላል፣ ጊታሩ አልፎ አልፎ እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነካ ያደርጋል። ቃሉ ቶሎ አለቀ። አለቀ ብዬ ላጨበጭብ ስል ግን ሰዎቹ አላቆሙም። ቤዙ ያንኑ እርምጃ እየረገጠ ቀጠለ። ድራሙ ጠበቅ ሲል ኪቦርዱ ከታች መጣ። አንድ ጊዜ ሁሉም ረገቡና ምንም የማይሆንበት ጊዜ መጣ፤ አራት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው እርስ በርስ ሲሰማሙ ብቻ ይታያሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አብሮ ይጠብቃል። የሚያጉረመርም የለም፣ ወደ ቢራ የሚሮጥም አላየሁም። ከዚያ ጊታሩ ትንሽ ነገር ጣለ፣ ሦስቱ ተቀበሉ፣ እናላችሁ ሰገነቱ ከሥራችን መወዛወዝ ጀመረ። ሰዓቴን ሳየው ከሩብ ሰዓት አልፏል።

አዲሶቹን ብቻ አይደለም የተጫወቱት። በመሐል በመሐል የቆዩትን ያስገባሉ። አሜሪካኖቹ በእነዚያ ሲጮኹ አዳራሹ ይደምቃል፤ ሞቅ ባለው ላይ ደግሞ አዲሱ ይከተላል። እንጀራው ቀዝቃዛ ቢሆን ወጡ ትኩስ ነው እንደማለት ነው፤ አብረው ይበላሉ።

እኔ መድረኩን ሳይ፣ ጓደኛዬ ኪቦርዱን ብቻ ነበር የሚያየው። ጣቶቹ በሰገነቱ አጥር ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዴም አላናገረኝም።

የጓደኛዬ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይሄ ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኪቦርድ የለመደው በልጅነቱ በቀበሌ ኪነት ነው። ሆላንድ ከመጣ በኋላ አዘቦቱን ሆቴል ያጸዳል፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በሐበሻ ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድ ይዞ ባንድ ይሆናል። ከበሮው ከኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑ ከኪቦርዱ፣ ድምፁ ከራሱ። የሚጫወተው ሁሉ የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ሙሽሮች የሚፈልጉት እሱን ነውና ክፉ የለውም፤ እንጀራው ነው።

ነገር ግን አንድ ስኩዌር ደብተር ነበረችው። ሰባት የራሱ ዘፈኖች ተጽፈውባታል። አንዷን አንድ ጊዜ በሌላ ከተማ በተደረገ የእንቁጣጣሽ ድግስ ላይ ሊሞክራት ደፈረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ያ የምታውቁት ድምፅ መጣ። «የምናውቀውን!» ሳቅ ሆነ። ተወው። ደብተሯን ሻንጣ ሥር ከተታት፤ ሁለት ዓመት አልከፈታትም። ጎበዝ ባለሙያ በአንዲት ቃል እንዴት ዝም ይላል ብላችሁ አትፍረዱበት። በሰው አገር ያለችህ አንዲት የራስህ ነገር ስትሳቅባት ያማል።

ከፓራዲሶ ስንወጣ ጨልሟል። ቦዩን ይዘን ብዙ ተራመድን። በመጨረሻ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«አየህ አይደል፣ ያልጨረሱትን ነገር እኮ ነው ያሳዩን። አላፈሩም።»

«የለመዱ ናቸዋ» አልኩት።

«መልመድ አይደለም። ቤቱን መርጠዋል። እኔ የራሴን ሠርግ ላይ አወጣኋት። ሠርግ የሙሽራው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለኝ።

ይቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት የአምስተርዳም ሐበሻ ሴት ቤት ተሰበሰብን። ቤተኛና እንግዳ ተደባልቀን 14 ሰው ብንሆን ነው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ኪቦርዱን ጉልበቱ ላይ አደረገና ሕጉን ተናገረ። «ሦስት ዘፈን ነው። ሦስቱንም ማንም አያውቃቸውም። ካስጠሏችሁ ቡናችሁን ጠጡ።» ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተጫወተ።

ሲጨርስ ቤቱ ዝም አለ። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «የመጀመሪያው ረዝሟል ልጄ፤ ሦስተኛው አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፣ ምነው ባይከፋው። መሐለኛውን ግን እስቲ ድገመው» አሉት። ደገመው። በሁለተኛው ዙር ሁለት ሴቶች አዝማቹን ይዘው ተቀበሉት።

የመጀመሪያውን ዘፈን ጣለው። ሦስተኛውን ከትዝታ አውጥቶ አምባሰል አደረገውና ሌላ ዘፈን ሆነ። ፊሾቹም ቢሆኑ ልክ እንዲህ ነው ያደረጉት! በዚያ ክረምት ሲጫወቱት የነበረ «ኦሊቪያስ ፑል» የሚባል ፈጣን ዘፈን ነበራቸው። ያንን ጥለው፣ ቃሉን ረጋ ባለ ሌላ ዜማ አልብሰው፣ ስሙን «ሻፍቲ» ብለው በጥቅምት 1998 «ዘ ስቶሪ ኦቭ ዘ ጎስት» በተባለው አልበማቸው አወጡት። «ጎስት» እና «ሊምብ ባይ ሊምብ»ም እዚያው አልበም ላይ ናቸው። «ፓይፐር» እስከ 2000 ጠብቆ «ፋርምሃውስ» በሚባለው ወጣ። የአምስተርዳሙን የየካቲትና የሁለቱን የበጋ ምሽቶች ቅጂ ደግሞ በ2015 በስምንት ሲዲ አሳተሙት። እኔና ጓደኛዬ የቆምንበት ጭብጨባ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ጓደኛዬስ? ካሴት አላወጣም። ዝነኛም አልሆነም። ዛሬ ሆቴሉን ትቶ ትራም ይነዳል፤ ኪቦርዱ ግን ቅዳሜ ማታ አሁንም አለ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ እሱ የቆየ ዘፈን ሲጀምር ከኋላ አንዱ እንደተለመደው «የምናውቀውን!» ብሎ ጮኸበት። የትኛውን ሲለው የጠራለት ያቺን የእትዬን ቤት መሐለኛ ዘፈን ነበር! ከእሑድ ቡና ወደ ልደት፣ ከልደት ወደ ሠርግ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሄዳለች። የጮኸው ሰው የማን ድርሰት እንደሆነች አያውቅም። ጓደኛዬም አልነገረውም። ተጫወተለት።

ለእናንተ ምን አለው?

«ታዲያ እኔ አምስተርዳም ለመሄድ ቪዛ ከየት ላምጣ?» የምትል ልጅ አትጠፋም። የኔ እህት፣ ማን ሂጂ አለሽ? ባሕር ማዶ የተባለው ርቀቱ አይደለም። ማንም የትናንት ማንነትሽን ይዞ የማይጠብቅሽ ቤት ማለት ነው። ያ ቤት ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል፣ የአክስትሽ ሳሎን ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለወጣት ብቻም አይደለም። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኹት ጌታቸው መኩሪያ፣ ወደ ሰባ ዓመታቸው ተጠግተው በ2004 አምስተርዳም ሄደው ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወቱ። እነዚያ ሙዚቀኞች የእሳቸውን ዓይነት ሙዚቃ ተጫውተው አድገው አይደለም። ከዚያ ግንኙነት በ2006 ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም ተወለደ። በ2016 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው በውጭ አገር መድረኮች ላይ ደምቆ ነበር። በሰባ ዓመት አዲስ ነገር የሚሞከር ከሆነ በሃያ ሦስት ዓመት «ጊዜዬ አለፈ» ማለት ምን የሚሉት ነው?

እንግዲህ ግጥም የምትጽፉም ሁኑ፣ ልብስ ስፌት ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ወይም ሥዕል አልጋ ሥር የደበቃችሁ፣ ከዚያ ምሽት የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቤቱን ምረጡ። አዲስ ነገር በሰው ሠርግ ላይ አይሞከርም። ለእናንተ ብለው የመጡ አሥር ሰዎች ከሺህ ተጋባዥ ይበልጣሉ።

ሁለተኛ፣ ሰዉን ቀላቅሉ። ወዳጅ ብቻ ከሆነ ያሞካሽና ያበላሻችኋል፤ እንግዳ ብቻ ከሆነ ወኔያችሁን ይወስደዋል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ እውነቱ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ የለመዳችሁትን አትጣሉ። የቆየው የጋለበት ላይ አዲሱን ጣል አድርጉ።

አራተኛ፣ የሚጣለውን ጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከዳነ ብዙ ነው። ሁለቱ ስለወደቁ ደብተሩን ሻንጣ ሥር አትክተቱ።

የመጨረሻዋ ደግሞ ለአድማጮች ነች። በሚቀጥለው ጊዜ ኮንሰርት ገብታችሁ ዘፋኙ «አዲሱን ሥራዬን» ሲል፣ ቢራው አምስት ደቂቃ ቢቆይ አይሞቅም። ዝም ብላችሁ ስሙት። ያቺ ሁላችሁም የምታውቋት፣ በእያንዳንዱ ሠርግ የምትጮኹላት ዘፈንም አንድ ምሽት ማንም የማያውቃት አዲስ ነበረች። ያን ዕለት ዝም ብሎ የሰማላት ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ በምን ትጨፍሩ ነበር?